99.6 በመቶ የሰማ ጆሮ 95 በመቶን እንዴት ይመን?

ነገሩ የሆነው በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. ነው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት የኮቪድ ክትባት ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ የተፈቀደበት ሰሞን ነበር። ለአንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ስልክ ደወልኩለት። ይህ ሰው ሀገር ቤት ሳለ የሒሳብ መምህር ነበር፤ በስደት ዘመኑ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። ሰላማዊ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ባንዲራውን ይዞ ቀድሞ የሚገኝ፣ መግለጫ በወጣ ቁጥር ደግሞ መስመር በመስመር አንብቦ ውሸቱን ነቅሶ የሚያወጣ ብርቱ ሰው ነበር። ቤተሰቡ አለና ስሙን አልጠቅስም።

«ተከተብክ ወይ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ማንን አምኜ?»

እኔም የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከ43,000 በላይ ሰዎች ላይ ሙከራ ማድረጉን፤ ግማሾቹ እውነተኛውን ክትባት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት የጨው ውኃ መወጋታቸውን፤ የትኛው ለማን እንደተሰጠ የተወጋው ሰው አለማወቁን፤ በመጨረሻ ሲቆጠር ከተከተቡት ወገን በበሽታው የተያዙት 8፣ ከጨው ውኃው ወገን ግን 162 ሆነው መገኘታቸውን ነገርኩት። ይህም 95 በመቶ ይከላከላል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

«95 በመቶ?» አለኝ። «ወንድሜ፣ እኛ እኮ 99.6 በመቶም ሰምተናል!»

ሁለታችንም ሳቅን። በግንቦት 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን ወሰድን ማለታቸውን የማያስታውስ ማን አለ? በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የቀሩትን ሁለት ጨምረው መቶ በመቶ አስገቡት። ወዳጄ ቀጠለ፤ «ደግሞስ የዓለም የጤና ድርጅትን የሚመራው ማን ሆነና ነው? ትናንት ኮሌራን አተት ያሉን ሰዎች ዛሬ ስለ ወረርሽኝ እውነቱን ይነግሩናል ብለህ ነው?» በዚህ ተለያየን።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲዛመት ወዳጄ ታመመ። ሆስፒታል ገብቶ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዳ ቆይቶ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዐረፈ። ክትባቱ ከቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ በሆነ መድኃኒት ቤት በነጻ ይሰጥ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወዳጄ አላዋቂ አልነበረም። 162 እና 8 ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። ስሌቱን አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ቁጥሩን ያመጣውን አፍ ነው። የሕክምና ማስረጃ ወደ እኛ ወደ ተራው ሰው ዘንድ በእግሩ አይመጣም፤ ሰው ተሸክሞት፣ ታሪክ አልብሶት ነው የሚመጣው። ያ ሰው ትናንት ምን ሲነግረን እንደኖረ ደግሞ አንረሳም።

ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረው ወረርሽኝ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ እስከ ዛሬ «የስፔን ጉንፋን» ይባላል። በሽታው ግን ከስፔን መነሳቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ቀድሞ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት የነበረ የጦር ሠፈር ነው። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የወታደሩንና የሕዝቡን ሞራል ይሰብራል ብለው በጋዜጦቻቸው ላይ ወሬውን አፈኑ ወይም አለሳለሱት። ስፔን ከጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች የእሷ ጋዜጦች ንጉሧ አልፎንሶ 13ኛ ጭምር መታመማቸውን በግልጽ ጻፉ። ስለዚህ በሽታው እውነቱን ባወራችው ሀገር ስም ተጠርቶ ቀረ! በፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ የጤና ኃላፊው ሕዝቡን «አትሸበሩ» እያሉ ቆይተው፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ የተጠራው ሰልፍ እንዲካሄድ ፈቀዱ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወጣ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከተማይቱ ወደ 12,000 የሚሆኑ ነዋሪዎቿን ቀበረች። ከዚያ በኋላ ለዚያ ከተማ ሕዝብ «አትሸበሩ» የሚለው ቃል ምን ዋጋ ይኖረዋል?

ያው በሽታ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን መታ። የእኛ ሰዎች የራሳቸውን ስም አወጡለት፤ የኅዳር በሽታ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው እንደተረፉና በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንዳለቀ በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። አያቴ በዚያ ዘመን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያቃጥል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ማለት ነው፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምትነግረኝን እሰማ ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ እቤት ያድር እንደነበር፣ ጎረቤት ለታመመ ጎረቤቱ ውኃና ቂጣ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ድምፁን አሰምቶ ይመለስ እንደነበር ነገረችኝ። ጭሱ ቫይረስ እንደማይገድል ዛሬ እናውቃለን። ያን ጊዜ ግን የዓለም ሊቃውንትም ቢሆኑ ጥፋቱን በአንድ ባክቴሪያ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በአያቴ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ትክክለኛ ማስረጃ ነበር፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በቅርበት ይተላለፋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. «ሁለት ሜትር ተራርቃችሁ ቁሙ» ሲባል እኔን ለማሳመን አንድም ሐኪም አልደከመም። ደጃፍ ላይ የተቀመጠችውን ቂጣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁና።

አሁን ወደ አተት እንምጣ። ወዳጄ ይህን የጠቀሰው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. አንስቶ በሀገራችን በተደጋጋሚ የተቀሰቀሰውን ወረርሽኝ መንግሥት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» በሚል ስም ብቻ ይጠራው ነበር። ኮሌራ የሚለው ቃል ከባለሥልጣን አፍ አይወጣም። ለምን ቢሉ፣ ስሙ ከተጠራ ቱሪስቱ ይቀራል፣ ወደ ውጭ የሚላከው ምርት ይያዛል የሚል ስጋት ስለነበረ ነው። ለባለሥልጣናቱ ይከራከሩ የነበሩ ሰዎች አንድ ነጥብ ያነሳሉ፤ «ስሙ ምንም ይሁን ምን ሕክምናው ያው ነው» ይላሉ። በሕክምናው በኩል እውነት አላቸው። ለታመመው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ ማጠጣት፣ ለባሰበት በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ውኃን አፍልቶ መጠጣት፣ እጅ መታጠብ፤ በኮሌራም በአተትም አይለወጥም። ሆኖም ሕዝቡ ሞኝ አይደለም። በሽታውን ሲያየው ያውቀዋል። የሚያውቀውን በሽታ ስሙን ቀይሮ የሚነግረውን ሰው ሲሰማ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያ ሰው «እጅህን ታጠብ» ቢለው እንኳ «ከጀርባው ምን አለ?» ማለት ይጀምራል። ስም መለወጡ ያስወጣው ዋጋ ይህ ነበር፤ ሒሳቡ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ ይኸው ጉዳይ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ክሱን ያነሱት የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፕሮፌሰር ላውረንስ ጎስቲን ናቸው፤ እርሳቸውም የተፎካካሪው የእንግሊዛዊው የዴቪድ ናባሮ አማካሪ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። ዶ/ር ቴድሮስ ኮሌራ ደብቀዋል መባሉን ካዱ፤ ምርጫውንም አሸነፉ። ያን ሰሞን እኛ በውጭ ያለን ጸሐፊዎች ስንት ገጽ እንደጻፍን እግዚአብሔር ይቁጠረው። የጻፍነውን አልክድም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያው ሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ኮሮና ሲናገሩ፣ ወገናችን አድማጭ ሆኖ የተቀመጠው ያንን ታሪክ በልቡ ይዞ ነው።

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሳችን ላዙር። እኛ በስደት የምንጽፍ ሰዎች ለሃያ ምናምን ዓመት ሕዝቡን አንድ የንባብ ዘዴ አስተምረናል፤ መንግሥት ያለውን ገልብጠህ አንብብ የሚል። «ተረጋግቷል» ካለ ተበጥብጧል፤ «በፈቃዱ ለቀቀ» ካለ ተባሯል። ለመግለጫ ማንበቢያ ዘዴው ብዙ ጊዜ ሠርቶልናል፤ ያስተማረንም የራሳቸው የባለሥልጣናቱ ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ የት ላይ እንደማይሠራ አላስተማርንም። የፋይዘርን ክትባት የመረመሩት ዶ/ር ቴድሮስ አይደሉም። ውጤቱ በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎችም መረጃውን ሕዝብ እያያቸው ተወያይተውበታል። ወዳጄ ለአንድ የመንግሥት መግለጫ የሚያጠፋውን ግማሽ ሰዓት ለዚያ ጽሑፍ ቢሰጠው ኖሮ እንደ ሒሳብ መምህርነቱ ራሱ ይፈርድ ነበር። እኛ ግን ያን ሰሞን በየቫይበሩ ስለ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሚመጣውን ሁሉ እርስ በርሳችን ስንቀባበል ነበርን። እኔም ተቀባብያለሁ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የደረሰባቸውን ልብ በሉ። በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚኖሩ የሶማሌ እናቶች እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ «ልጆቻችን ለምን አፋቸውን አይፈቱም?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ብዙዎቹ የሰሙት አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ የነበራቸው መልስ «መንስኤውን በትክክል አናውቅም» የሚል ነበር። መልሱ ሐቀኛ ነው፤ እናትን ግን ባዶ እጇን ይሸኛታል። በዚያ ክፍተት አንድሪው ዌክፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ገባ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ አሳትሞ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከብሪታንያ ሐኪሞች መዝገብ ተፍቋል። ቢሆንም ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ ከወላጆቹ ጋር ተቀመጠ። ሌላው ሁሉ ቁጥር ሲነግራቸው እርሱ ጠየቃቸው፤ አዳመጣቸው። በ2004 ከሶማሌ ሕፃናት 92 በመቶ የሚሆኑት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይከተቡ ነበር፤ በ2014 ቁጥሩ ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኦቲዝም በከተማይቱ ከ32 የሶማሌ ልጆች በአንዱ፣ ከ36 ነጮች ልጆች በአንዱ እንደሚገኝ፣ ማለትም ይህን ያህል ልዩነት እንደሌለ ያስታወቀው በ2013 ነው። ጥናቱ ደግ ነበር፤ ግን ታሪኩ አምስት ዓመት ቀድሞት ነበር።

ሐሰት ደግሞ ከእውነት ጋር ሲጋባ ይበረታል። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤች.አይ.ቪ. ኤድስን ያመጣል ወይ ብለው ሲጠራጠሩ፣ የጤና ሚኒስትራቸውም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ሲመክሩ፣ ሕዝቡ ለምን ሰማቸው? የአፓርታይድ መንግሥት በእርግጥ በምስጢር የመርዝና የጀርም ጦር መሣሪያ ፕሮግራም ስለነበረው ነው። «ነጮቹ በመድኃኒት ስም ሊያጠፉን ነው» ለሚል ታሪክ መሬቱ ታርሶ ነበር። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሰሉት በዚያ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል።

በእኛም ሀገር ተመሳሳይ ፈተና መጥቶ ነበር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር። ሐኪም ስለ ቫይረስ መጠን ቢነግራቸው ምን ይፈይዳል? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ስለ አቡኑ ፖለቲካ በዚህ ገጽ አንባቢዎች ዘንድ ያለውን ስሜት አውቃለሁ፤ የራሴም አለኝ። ይህን ግን እንደ መልካም ሥራ አስቆጥርላቸዋለሁ። ሕሙማኑን ከእምነታቸው አላጣሏቸውም፤ በያዙት ታሪክ ውስጥ ለክኒኑ ቦታ አበጁለት። ከዚያ በፊትም በሬዲዮ ኢትዮጵያ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር፤ 257 ክፍሎች ነበሩት። ያዘጋጀው ድርጅት ባሠራው ጥናት ድራማውን ይከታተሉ የነበሩ ወንዶች ለኤች.አይ.ቪ. ምርመራ የሄዱት ከማይከታተሉት በአራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ በሦስት እጥፍ ነው። ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ቀድሞውንም የነቃ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም። ግን በድራማው ምክንያት ከ15,000 በላይ ደብዳቤ የጻፈ ሕዝብ ነገሩን የራሱ አድርጎት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ የአንድ የሶማሊያ ወጥ ቤት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ፈንጣጣ ትንሽ ልበል። የእናቴ ታላቅ እህት ፊቷ በፈንጣጣ የተበሳሳ ነበር። በሀገራችን የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በአንድ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ መከተብን ከጥንት የሚያውቅ ገበሬ የመንግሥትን መርፌ በብዙ ቦታ አልቀበልም ብሏል። «ክትባት» እና «ክታብ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ አክስቴ ሁለቱንም በአንድ ክንዷ ይዛ ነበር የኖረችው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት የነበረው የ23 ዓመቱ አሊ ማው ማሊን ሆነ። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ አልተከተበም ነበር። ለምን ቢሉት፣ መርፌው የሚያም ስለመሰለው ፈርቶ ነው!

አሊ ማው ማሊን ዳነ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሀገሩ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰማርቶ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ጀመር። ልጄን አላስከትብም የሚል ወላጅ ሲገጥመው ስለ ፖሊዮ ቫይረስ አያስተምርም፤ የራሱን ጉድ ይነግራቸዋል። እኔ ነኝ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ፤ መርፌ ፈርቼ ነው የታመምኩት ይላቸዋል። ደደብ ነበርኩ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊሸጥልህ ይችላል? በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ እንደገና ዘመቻ ወጥቶ ሳለ በወባ ሞተ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። በአርባኛው ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ባለቤቱ ተነሳችና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። ይህ የተለመደ አይደለም። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን «አሁን ይከትቡኝ በላቸው» ብሎ በልጁ በኩል እንዳስጠየቀ፣ ነርሷም አሁን አይጠቅመውም ብላ እንደመለሰች ተናገረች። እሷ ራሷም እስከዚያ ቀን አልተከተበችም ነበር። ሌላ ምንም አላለችም፤ ተቀመጠች። በዚያው ሳምንት ከዚያ አዳራሽ ከወጡት ሰዎች ሰባቱ ሄደው መከተባቸውን በስም አውቃለሁ። እኔ በዚያ ዓመት ስለ ክትባት ሦስት ረጃጅም ጽሑፎች አውጥቻለሁ፤ ቁጥር በቁጥር የሆኑ። አንብቤ ተከተብኩ ያለኝ ሰው የለም።

በኋላ ወደ እኔ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «ያን ቀን ደውለህ ስትከራከሩ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎት ነበር» አለችኝ። «ለመሆኑ አንተ ያን ጊዜ ተከትበህ ነበር?»

«አዎ፤ ከሳምንት በፊት» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

ሁለት ሌሊት እንዳተኮሰኝ፣ በሁለተኛው ሌሊት ፈርቼ ልጄን ቀስቅሼ አጠገቤ እንዳስቀመጥኩ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ደኅና ሆኜ ሥራ እንደገባሁ አልነገርኩትም ነበር። ክርክሬን ያዳክምብኛል ብዬ ነው የተውኩት። ይህን ለእሷ መናገር አቃተኝ። ምግብ ቀርቦ ስለነበር ሳህን አንስቼ ወደ ሰልፉ ሄድኩ።